ከ100 ዓመታቸው በኋላ ፊልም የሠሩ ዳይሬክተሮች፦ የምታውቁትን ጨምሩ

ሲኒማ ወዳጅ (ክሩን የከፈተ) | ኅዳር 24 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው ሳምንት ታኅሣሥ 2 ቀን የፖርቱጋላዊው ዳይሬክተር የማኖኤል ደ ኦሊቬራ ልደት ነው። እዚህ መድረክ ላይ ስለ አዳዲስ ዳይሬክተሮች ብዙ አውርተናል፤ ዛሬ ደግሞ ስለ አንጋፋዎቹ እናውራ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም እንደዚያው ብታደርጉ አንምታታም።

ኦሊቬራ በ1908 ፖርቶ ከተማ ተወልደው በ2015 በ106 ዓመታቸው አረፉ። የመጀመሪያ ሥራቸው በ1931 የታየ፣ በዶውሮ ወንዝ ዳር ስለሚለፉ ሰዎች የተሠራ ድምፅ አልባ አጭር ዘጋቢ ፊልም ነው። የመጨረሻው ሙሉ ርዝመት ፊልማቸው «ጌቦ እና ጥላው» በ2012 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ 103 ዓመታቸው ነበር። በዚያም አልቆሙም። በ2014 አንድ አጭር ፊልም ይዘው እዚያው ቬኒስ ቀረቡ፤ 105 ዓመታቸው ላይ ማለት ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ሠርቶ የዲጂታልን ዘመን በሥራ ላይ ሆኖ የተቀበለ ሌላ ዳይሬክተር ካላችሁ ንገሩኝ።

ግን ልብ የሚነካው መሐሉ ነው። በ1942 የመጀመሪያ ሙሉ ፊልማቸውን «አኒኪ ቦቦ»ን ሠሩ። ቀጣዩን ለመሥራት 21 ዓመት ጠበቁ። በፖርቱጋል አምባገነን በሳላዛር አገዛዝ የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኘው ሥርዓቱ የወደደው ፊልም ነበር። እሳቸው በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤተሰባቸውን ንብረትና የወይን እርሻ ሲያስተዳድሩ ኖሩ። አገዛዙ በ1974 ሲወድቅ 65 ዓመታቸው ነበር። ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ የሳቸው ዋና ዘመን ጀመረ። ከ1990 በኋላ በዓመት አንድ ፊልም ያህል እየሠሩ 100 ዓመታቸውን አለፉ።

ስለዚህ ይህን ክር «ማን ረጅም ዕድሜ ኖረ» ብለን ብቻ ባናየው ደስ ይለኛል። ማን በስንት ዓመቱ ፊልም ጨረሰ የሚለውን እንቁጠር። ዕድሜው ፊልሙ መጀመሪያ ለተመልካች በቀረበበት ጊዜ ይሁን። ቀጥሉ።

---

ናቲ 22 | ኅዳር 24

ክሊንት ኢስትውድ! ከነክብሩ 95 ዓመቱ ነው። «ጁረር ቁጥር 2» አምና ሲወጣ 94 ነበር። ኦስካር ላይ በምርጥ ዳይሬክተርነት ከተሸለሙት ሁሉ በዕድሜ ትልቁም እሱ ነው፤ በ2005 በ«ሚሊዮን ዶላር ቤቢ» 74 ዓመቱ ላይ ወሰደ። ያን ቀን እናቱ 96 ዓመታቸው ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው አይተውታል። ዘሩ ነው መሰለኝ።

---

ካሜራ ባለሙያው | ኅዳር 24

ናቲ ያነሳው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ኢስትውድ እንዴት እንደሚሠራ ልጨምር። ይህ ሥራ ጉልበት እንደሚበላ ሎኬሽን ላይ ውሎ ያመሸ ያውቀዋል። በእኛ ቀረጻ ላይ የ30 ዓመት ልጅ ዳይሬክተር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ኢስትውድ «አክሽን» ብሎ አይጮህም። ወጣት ሳለ በቴሌቪዥን የካውቦይ ድራማ ሲጫወት ዳይሬክተሩ በጮኸ ቁጥር ፈረሶቹ ይደነብሩ ነበር። ከዚያ ተምሮ ዳይሬክተር ሲሆን ተዋናዮቹን በዝግታ «ጀምሩ» ወደሚል ዓይነት አነጋገር ሄደ። አንዱን ትዕይንት ደግሞ ደጋግሞ አያስቀርጽም፤ አንዴ ሁለቴ ይበቃዋል። አብረውት የሚሠሩትም ለአሥርት ዓመታት የማይለያቸው ሰዎች ናቸው፤ ኤዲተሩ ጆኤል ኮክስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አብሮት አለ። ዳይሬክተሩ ሳይናገር የሚፈልገውን የሚያውቅ ቡድን ካለ 94 ዓመት ላይም ቀረጻ በጊዜው ያልቃል። በእኔ ዕይታ ዋናው ምስጢር ይሄ ነው፤ ስለ አመጋገብና ስለ ስፖርት የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

---

ትርሲት ዘሃይፋ | ኅዳር 24

ሲኒማ ወዳጅ የሁለቱን ጥያቄ ልዩነት ያነሳኸው ተገቢ ነው፤ በየድረ ገጹ የሚዞረው ዝርዝር ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል።

በሕይወት ካሉት ስመ ጥር ዳይሬክተሮች መካከል ሜል ብሩክስ 99 ዓመቱ ነው፤ በመጪው ሰኔ 100 ይሞላል። ዳይሬክት ያደረገው የመጨረሻ ፊልም ግን በ1995 የወጣው ነው። ቺሊ የተወለደው አሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪ 96 ነው። ጄምስ አይቮሪ 97። ፍሬድሪክ ዋይዝማን 95፤ የእሱን በ2023 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ያላያችሁ ፈልጉት። 93 ዓመቱ ላይ ስለ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤትና ስለ ባለቤቶቹ ቤተሰብ የአራት ሰዓት ፊልም ሠርቶ አንዴም አላሰለቸኝም። ኮስታ ጋቭራስ 92፤ አምና ስለ ሞትና ስለ ሕሙማን እንክብካቤ ፊልም አውጥቷል።

አይቮሪ ላይ ልቆይ። በ2018 ለ«ኮል ሚ ባይ ዮር ኔም» የጻፈው የፊልም ጽሑፍ ኦስካር አሸነፈ፤ 89 ዓመቱ ነበር። በውድድር ኦስካር ካሸነፉት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ነው። በዚያው ምሽት ፈረንሳይ ያፈራቻት አኜስ ቫርዳም በዘጋቢ ፊልም እጩ ነበረች፤ እሷም 89። ማን ይበልጣል? ቫርዳ በስምንት ቀን! እሷ ግንቦት 30፣ እሱ ሰኔ 7 ቀን 1928 ነው የተወለዱት። ስለዚህ የእጩነቱን ክብረ ወሰን እሷ፣ የአሸናፊነቱን እሱ ይዘው ወጡ። የእጩነቱን በኋላ የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ 90 ዓመቱ ላይ ወስዶ 91 ዓመቱ ላይ አሻሽሎታል።

ለእጩዎች በተዘጋጀው የምሳ ግብዣ ቫርዳ መምጣት አልቻለችም ነበር። አብሯት ፊልሙን የሠራው ጄአር የተባለው ወጣት አርቲስት በቁመቷ ልክ የተቆረጠ የካርቶን ፎቶዋን ይዞ መጣና ታላላቅ ተዋናዮች ከካርቶኑ ጋር ፎቶ ሲነሱ ዋሉ። በማግሥቱ ዓመት በየካቲት የመጨረሻ ፊልሟን በርሊን ላይ አሳይታ በመጋቢት ወር 90 ዓመቷ ላይ አረፈች።

---

ሲኒማ ወዳጅ | ኅዳር 24

ትርሲት እግዜር ይስጥልኝ። የስምንት ቀኑን ነገር በጣም ወደድኩት። አንድ ልጨምርበት፦ አይቮሪ በ2022፣ በ94 ዓመታቸው፣ በ1960 አፍጋኒስታን ውስጥ ራሳቸው ቀርጸው ባስቀመጡት ምስል ላይ የተመሠረተ ዘጋቢ ፊልም ከሌላ ዳይሬክተር ጋር ሆነው አውጥተዋል። ጃፓናዊው ዮጂ ያማዳም በዚህ ወር «ቶኪዮ ታክሲ»ን ለሲኒማ አበቁ፤ እሳቸውም 94። ኢስትውድ፣ አይቮሪ፣ ያማዳ፤ ሦስቱም በ94!

---

ብሩክ ከሚሲ | ኅዳር 25

ጃፓን ከተነሳ ካኔቶ ሺንዶ እንዴት ተዘለለ? «ኦኒባባ»ን የሠራው። በ1912 ሂሮሺማ ክፍለ ሀገር ተወለደ፤ «ፖስትካርድ» የተባለው የመጨረሻ ፊልሙ በ2010 ቶኪዮ ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ 98 ዓመቱ ነበር። ልዩ የዳኞች ሽልማት አገኘ። 100 ዓመት ከሞላው ከአንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ በ2012 አረፈ።

ፊልሙ የራሱ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለመል በክፍሉ 100 ሰዎች ነበሩ። ማን ወደየት ግንባር እንደሚሄድ በዕጣ ይወሰን ነበር። ከመቶው በሕይወት የተረፉት 6 ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሱ። የቀሩትን 94 ሰዎች ዕድሜ ልኩን ተሸክሟቸው ኖረ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የልጅ ልጁ እያገዘችው የመጨረሻ ጉልበቱን ለእነሱ ነው ያዋለው። በሥራው ሁሉ ሂሮሺማንና ጦርነቱን አልረሳም፤ በ1952 በከተማይቱ ላይ ስለተጣለው ቦምብ ፊልም ሲሠራ አሜሪካኖቹ ጃፓንን ማስተዳደራቸውን ገና ማቆማቸው ነበር።

ፊልሙን ሳይ ያለቀስኩት ሽማግሌ ስለሠራው አይደለም። አንዲት ገበሬ ባሏን ለጦርነት ሸኝታ ባዶ ሳጥን ይመለስላታል፤ እሷ ግን ማልቀሻ ጊዜ የላትም፣ ውኃ ትቀዳለች።

---

ምስክር_ሀያሲ | ኅዳር 25

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ዕድሜ ለፊልም ማዕረግ አይሰጥም። ፌስቲቫሎች ሽማግሌ ዳይሬክተር ሲመጣ ተነስተው ያጨበጭባሉ፣ ጋዜጠኛው ዕድሜውን በርዕስ ይጽፋል፣ ፊልሙን የሚያይ ግን የለም። አንዳንዶቹ የመጨረሻ ሥራዎች የድሮውን የሚደግሙ ናቸው። ይህ ክርም ወደ ቁጥር ቆጠራ እንዳይወርድ እሰጋለሁ።

---

ሲኒማ ወዳጅ | ኅዳር 25

ምስክር፣ ስጋትህ ይገባኛል፤ ለዚህ ነው ፊልሙን እንጂ ልደቱን አንቁጠር ያልኩት። ግን በዕድሜ መጨረሻ ብቻ የሚሠሩ ፊልሞች እንዳሉ ላሳይህ።

ኦሊቬራ «የአንጀሊካ እንግዳ ጉዳይ» የሚለውን ፊልም በ2010 በ101 ዓመታቸው አሳዩ። ጽሑፉን የጻፉት በ1952 ነው! በሳላዛር ጊዜ ሊሠሩት አልቻሉም። አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ የሞተች ሙሽራን ፎቶ እንዲያነሳ በሌሊት ይጠራል፤ በካሜራው ሌንስ ሲያያት ዓይኗን ገልጣ ፈገግ ትልለታለች። በ43 ዓመታቸው ቢሠሩት የፍቅር ታሪክ ይሆን ነበር። በ101 ዓመታቸው ሲሠሩት ሞትን እንደ ጎረቤት የሚያውቅ ሰው ፊልም ሆነ። ያ ልጅ ወደ ሞት የሚሄደው ሳይፈራ ነው፤ ወጣት ዳይሬክተር እንዲህ አድርጎ ለመሥራት የሚደፍር አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በ1982፣ በ73 ዓመታቸው፣ ለ40 ዓመት ያህል የኖሩበትን ቤት በዕዳ ምክንያት መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። ከመልቀቃቸው በፊት በየክፍሉ እየዞሩ ስለ ሕይወታቸው የሚናገሩበት ፊልም ቀረጹና «እኔ ሳልሞት እንዳይታይ» ብለው አስቀመጡት። ኑዛዜ መሆኑ ነበር። ከዚያ በኋላ 33 ዓመት ኖሩ፤ አብዛኞቹን ፊልሞቻቸውንም የሠሩት ከኑዛዜው በኋላ ነው። ፊልሙ በ2015 ካረፉ በኋላ ታየ።

---

ዮዲት ለንደን | ኅዳር 26

የማነበው ሁሉ ስለ ጤናና ስለ ፍላጎት ነው። እኔ የምሠራው በመድን ዘርፍ ስለሆነ ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ አንድ ዳይሬክተር 80 ዓመት ካለፈው ሥራውን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ አካሉ ሳይሆን ኢንሹራንሱ ነው።

ትልቅ ገንዘብ የወጣበት ፊልም ያለ መድን አይቀረጽም። ዳይሬክተሩ በመሐል ቢታመም ወይም ቢሞት ቀረጻው ይቆማል፤ ተዋናዩ፣ መሣሪያው፣ ስቱዲዮው ግን ይከፈልበታል። መድን ሰጪው ያን ኪሳራ ስለሚሸከም ዳይሬክተሩን ሐኪም እንዲያየው ያደርጋል። ዕድሜው ከገፋ ዓረቦኑ ይንራል፣ ወይም «እሱን አንሸፍንም» ይባላል። መፍትሔው ተጠባባቂ ዳይሬክተር ነው፦ ቀረጻው ቦታ የሚገኝ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ፊልሙን የሚጨርስ ሌላ ባለሙያ በውል ይያዛል።

ሮበርት አልትማን በ2006 ለወጣው የመጨረሻ ፊልማቸው ፖል ቶማስ አንደርሰን በተጠባባቂነት አብሯቸው ነበር። አንደርሰን ያን ጊዜ ራሱ ታዋቂ ዳይሬክተር ነው፤ የሚወዳቸውን መምህር አጠገብ ለመቀመጥ ብሎ መጣ። አልትማን በዚያው ዓመት የክብር ኦስካር ሲቀበሉ መድረክ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ፦ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ልባቸው በሌላ ሰው ልብ ተተክቷል። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቁት ሥራ የሚሰጠኝ አይኖርም ብለው ነው። «ጎስፎርድ ፓርክ»ን የሠሩት በተተከለ ልብ ነበር ማለት ነው። በኅዳር 2006 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

ጣልያናዊው ዳይሬክተር አንቶኒዮኒም እንዲሁ። በ1985 በአንጎል ደም መፍሰስ ንግግራቸው ተዘጋ፣ ግማሽ አካላቸው ሰነፈ። በ1995 እንደገና ፊልም ሲሠሩ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ከጎናቸው ቆመ። ያለ እሱ ገንዘብ የሚያወጣ አልነበረም።

---

ጡረተኛው | ኅዳር 26

ልጄ ዮዲት፣ ተባረኪ። ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ሲኒማ ቤት ፊልም ሳሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንቶኒዮኒን ስታነሺ ትዝ ያለኝን ልጻፍ። አንቶኒዮኒና ስዊድናዊው በርግማን የሞቱት በአንድ ቀን ነው፤ ሐምሌ 30 ቀን 2007 በፈረንጅ። አንዱ 94፣ አንዱ 89።

ጆን ሂውስተንንም አትርሱ። የመጨረሻውን ፊልሙን በ1987 በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ፣ በአፍንጫው ኦክስጅን ተሰክቶለት ነው የመራው። ጽሑፉን የጻፈው ወንድ ልጁ፣ የተጫወተችው ሴት ልጁ አንጀሊካ። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ በነሐሴ ሞተ። ፈረንሳዊው አላን ረኔም በየካቲት 2014 አዲስ ፊልሙ በርሊን ቀርቦ ተሸልሞለት መጋቢት 1 ቀን በ91 ዓመቱ አለፈ። ሥራቸው ላይ የሞቱ ናቸው።

---

አቡሽ ሻርጃ | ኅዳር 27

ሌኒ ሪፈንሽታል ትቆጠራለች? በ2002፣ 100 ዓመት ሊሞላት አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀር፣ ከባሕር በታች የተቀረጸ ፊልም አውጥታለች። ዋና ጠላቂነት ፈቃድ ለማግኘት በ70ዎቹ ዕድሜዋ ሳለች 20 ዓመት ቀንሳ ነው የተመዘገበችው ይባላል። በክሩ ርዕስ መሠረት ያመለጣት ለጥቂት ቀን ነው።

---

ትርሲት ዘሃይፋ | ኅዳር 27

በቁጥሩ ትቀርባለች፤ በዚህ ክር ላይ ግን ከሌሎቹ ጋር አብራ እንድትሞገስ አልፈልግም። ለሂትለር ፓርቲ ታላላቆቹን የፕሮፓጋንዳ ፊልሞች የሠራችው እሷ ናት። ሌላ ፊልሟን ስትቀርጽ ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ ሮማዎችን (ጂፕሲ የሚባሉትን)፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በአጃቢ ተዋናይነት አሰልፋለች። ብዙዎቹ በኋላ አውሽቪትዝ ተላኩ። 101 ዓመት ኖራ አንድም ቀን በግልጽ ኃላፊነቱን አልወሰደችም። ኦሊቬራ በአምባገነን ዘመን ዝም መባልን መርጠው 21 ዓመት ጠበቁ፤ እሷ ደግሞ ለአምባገነኑ ሠራች። ሁለቱ አንድ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ ቢያንስ ይህ አብሮ ይጻፍ።

---

አቡሽ ሻርጃ | ኅዳር 27

ተስማምቻለሁ እህቴ። ያልሽው አብሮ ይጻፍ።

---

የካዛንቺስ | ኅዳር 28

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ልጅ አለ፣ ለምን አልተነሳም? ኒኮ ፓፓታኪስ። በ1918 አዲስ አበባ ተወለደ፤ አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት። ከጣልያን ወረራ በኋላ በስደት ወጥቶ ፓሪስ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ላ ሮዝ ሩዥ የሚባል የምሽት ክበብ ከፈተ፤ ዡሊየት ግሬኮ የዘፈነችበት ነው። ተዋናይቷን አኑክ ኤሜን አገባ። ኒውዮርክ ሲሄድ የጆን ካሳቬትስ የመጀመሪያ ፊልም «ሻዶውስ» እንዲያልቅ በገንዘብ ረዳ።

የራሱን የመጀመሪያ ፊልም በ1963 ሠራ፤ ስለ ሁለት የቤት ሠራተኛ እህትማማቾች ነው። ካን ላይ ሲቀርብ ጉድ አሰኘ። በ40ዎቹ አጋማሽ ዕድሜው መጀመሩ ነው። የመጨረሻውን በ1991 በ73 ዓመቱ አካባቢ ሠርቶ በ2010 በ92 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ፈረንሳዮች ያውቁታል፣ ግሪኮች የኛ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን ፊልሞቹን አንድ ላይ የምናይበት ቀን አዘጋጅተን አናውቅም። ይህ ያሳዝነኛል። እዚህ ከተማ ውስጥ ፊልም የሚያሳዩ የባህል ማዕከሎች አሉ፤ ጥያቄ ብናቀርብስ?

---

ሰላም ከዲሲ | ኅዳር 28

የካዛንቺስ፣ እኔ አለሁበት።

በሕይወት ካሉት ደግሞ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በመጪው የካቲት 80 ይሞላቸዋል። ጎንደር በ1946 ነው የተወለዱት። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲያወጡ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልላቸው ኩባንያ ስላልነበረ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከተማ ለከተማ አሳዩት። «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ሲወስድ 62 ዓመታቸው ነበር። ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጽሐፍ ቤታቸው ዛሬም ክፍት ነው። ከ94 ጋር ሲነጻጸር ገና ልጅ ናቸው!

የኦሊቬራን 21 ዓመት ሳነብ ጋሽ ኃይሌ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። በፊልምና በፊልም መካከል ያለው ዓመት የስንፍና አይደለም፤ ገንዘብ ፍለጋ ነው። ሴኔጋላዊው ዳይሬክተር ኡስማን ሴምቤንም በ40 ዓመቱ ጀምሮ «ሙላዴ»ን በ81 ዓመቱ የጨረሰው በዚሁ መንገድ ነው።

---

ምስክር_ሀያሲ | ኅዳር 29

ሰላም ያለችው አሳምኖኛል፤ በዚህ መንገድ ከተቆጠረ ቁጥሩ ትርጉም አለው። እንግዲህ እኔም ልጨምር፦ ማርቲን ስኮርሴዚ በ2024 በ81 ዓመቱ በምርጥ ዳይሬክተርነት ሲታጭ በዚያ ዘርፍ ከታጩት ሁሉ ትልቁ ሆኗል። ከእሱ በፊት የነበረው ከላይ ጋሼ ያነሱት ሂውስተን ናቸው፤ 79። ሪድሊ ስኮት ደግሞ ኅዳር 21 ቀን 88 ደፈነ፤ የመጀመሪያ ፊልሙን በ39 ዓመቱ ነው ያሳየው።

---

ናቲ 22 | ኅዳር 29

ኦሊቬራን አንድም አላየሁም። ከየት ልጀምር?

---

ሲኒማ ወዳጅ | ኅዳር 29

ናቲ፣ ከ«አኒኪ ቦቦ» ጀምር። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ የፖርቶ የሠፈር ልጆች ናቸው፣ አንዲት ልጅ የወደዱ ሁለት ወንዶች። አንደኛው ከሱቅ አሻንጉሊት ሰርቆ ይሰጣታል፤ ታሪኩ ከዚያ ይነሳል። ከዚያ በቀጥታ ወደ አንጀሊካ እለፍ። መሐሉን ከዚያ በኋላ ታየዋለህ። በ1997 ማርቼሎ ማስትሮያኒ የተጫወቱበት ፊልምም አለ፦ ማኖኤል የሚባል አዛውንት ዳይሬክተር ሆነው ነው የሚታዩት፤ የማስትሮያኒ የመጨረሻ ፊልም ነው።

የካዛንቺስ፣ ስለ ፓፓታኪስ ያልከውን ለብቻው ክር ክፈትለትና እዚያ እንመዝገብ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

---

ጡረተኛው | ኅዳር 29

እኔንም ጻፉኝ። ፊልሙ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ከመጣ ማሳያውን እኔ እይዛለሁ።